ከወዲያ በኩል ያለው መሸጎሪያ

ሰኔ 17፣ ማክሰኞ። ጠዋት 1 ሰዓት

…ቁልፉ ከውጭ ሲዞር እሰማለሁ። ፀጉሬ ሳሙና ነው። ፎጣው ወንበር ላይ፣ ወንበሩ የክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ። ማነው ብዬ ሳልጨርስ አከራዬ መሀል ቤት ቆማለች። ውሃ እንዳላበዛ ልታይ ነው የመጣችው። የገዛ ቤቴ አይደለም እንዴ አለች። እኔም—

እዚህ ላይ ትዝታው ሁልጊዜ ይቋረጣል። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። ምናልባት ምንም።

ዛሬ ለምን እንደመጣብኝ ግን አውቃለሁ፣ ደብተሬ። የሻወሩን ጭንቅላት በራሴ እጅ ፈትቼ አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ ቁጭ ብያለሁ። የድሬዳዋ ውሃ ውስጡን ድንጋይ አድርጎታል። ከቀዳዳዎቹ የሚረጩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ጣሪያውን፣ አንዱ ግድግዳውን፣ አንዱ ዓይኔን። አዲስ ካቻቪቴ፣ አዲስ ፒንሳ። በቤቴ የመጀመሪያ ሥራዬ። ትንሽ ኮራሁ። ልክ ኮራ ስል ከኋላዬ በር ተከፈተ።

የመሀሉ በር። የጓሮዋ ጎረቤቴ ገባች። አለፈችኝ። የፊት ለፊቱን መስኮት ከፈተች። ተመለሰች። «እንዴት አደርሽ» ያለችኝ ስትወጣ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ቀኔ በዚህ ቤት። ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ዘመን ግንብ፣ ጣሪያው ሩቅ፣ ከደጅ የኒም ዛፍ። ድሮ አንድ ቤት ነበር፤ ለሁለት ከፈሉት። የፊቱ የኔ፣ የጓሮው የአዴ ዘይነባ። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ይላታል፤ እናት እንደማለት። በሁለታችን መሀል አንድ የእንጨት በር አለ። ቤቱን የሸጠልኝ ሰው በሩ አይሠራም ብሎኝ ነበር። ይሠራል። በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል።

ከኔ በኩል እጀታ እንኳ የለውም። ከወዲያ በኩል መሸጎሪያ አለ። ስትወጣ በጨረፍታ አየሁት፤ እንደ አውራ ጣት የወፈረ ብረት። ማለትም የመክፈትም የመዝጋትም ሥልጣን የሷ ነው። አሥራ አራት ዓመት፣ ዘጠኝ የኪራይ ቤት፣ በመጨረሻ የራሴ ጣሪያ፤ ቁልፉ ግን አሁንም ሌላ ሰው ጋ።

ሰኔ 18፣ ረቡዕ። ከቀኑ 10 ሰዓት

መደርደሪያ። አንድ ጣውላ፣ ሁለት የብረት ደጋፊ፣ አራት ብሎን። ስልኬ ላይ በቪዲዮ የሚያስተምረው ሰውዬ በአራት ደቂቃ ጨረሰው፤ እያፏጨ። የሱ ግድግዳ ቅቤ ነው። የኔን መሰርሰሪያው ገና ሲነካው ኖራውና አፈሩ ይናዳል። ቀዳዳው ከብሎኑ በለጠ፣ ከጣቴ በለጠ፣ አሁን ሎሚ ያስገባል። ሁለተኛው ብርቱካን።

አዴ ዘይነባ (አ.ዘ. ልበላት) ድምፁን ሰምታ መጣች። ሳታንኳኳ፣ እንደ ልማዷ። ዓይኗ ደክሟል፤ ነገር የምታየው በመዳፏ ነው። ቀዳዳውን ዳሰሰችው፣ ጠርዙን ዞረችው፣ ጣቷን ከታ አወጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ግድግዳ ምን አድርጎሽ ነው?»

ሳልወድ ሳቅሁ። ይቀመጡ አልኳት። ዞር ብላ ኋላዋን ተመለከተች። ከኋላዋ ማንም የለም። ድሬ ከመጣሁ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፣ «እርስዎ» ግን ከአፌ አልወጣም፤ ደሴ ላይ በልጅነቴ በኩርኩም ነው የገባው። እዚህ ለትልቅ ሰው «እርስዎ» ማለት በር ላይ አቁሞ ማነጋገር ነው። አንቺ በይኝ አቦ አለችኝ፤ ብቻዬን ነኝ።

ብቻዬን ነኝ ያለችው ለቀልድ ነው። ከሄደች በኋላ ግን ቃሉ ክፍሉ ውስጥ ቀረ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ። ከቀኑ 9፡30

ቀዳዳዎቹን ደፈንኩ። ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ውሃ። በእጄ አቦካሁት፣ ጣቶቼ መሀል ቆዳዬ ተላጠ። የስልኩ ሰውዬ ልስኑ ቶሎ እንዲደርቅ ማሞቂያ አብሩበት ይላል። በሱ መስኮት ውጭ በረዶ ይታያል። እኔ ማሞቂያ አላስፈለገኝም። ሰኔ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የለሰንኩት፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ እላዩ ላይ ተቀምጣለች።

በሰባት ሰዓት ጠንክሯል። ደስ አለኝ። በስምንት ሰዓት እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጥቋል። በዘጠኝ ሰዓት ሙሉውን ቅርፊት ሆኖ እጄ ላይ ወደቀ፣ ልክ እንደ ቁስል ቅርፊት፣ ከነቀዳዳው ቅርጽ።

አ.ዘ. ከበሩ ደፍ ላይ ሆና አስተማረችኝ። የሞተው ባሏ፣ አቶ ሙሳ፣ የባቡር አናጢ ነበር፤ ግንብም ያውቅ ነበር። የድሬ ልስን በንጋት ነው የሚለሰነው። ግድግዳውን መጀመሪያ ውሃ አጠጪው። ለስነሽ ስትጨርሺ ደግሞ እርጥብ ጆንያ አልብሺው፣ ሦስት ቀን፣ እንደ በሽተኛ። ሲሚንቶሽ ውስጥም ኖራ ጨምሪ፤ ይሄ ግድግዳ ሽማግሌ ነው፣ ብቻውን ሲሚንቶ ይተፋል።

ማወቅ የነበረብኝን ሁሉ የምታውቀው ሴት ከግድግዳው ወዲያ ናት። ይሄ ደስ ሊለኝ ይገባል። ለምንድን ነው ደስ የማይለኝ?

ሰኔ 22፣ እሑድ። ከቀኑ 8 ሰዓት

ከቤተ ክርስቲያን ተመለስኩ። ደጄን በቁልፌ ከፈትኩ። ውስጥ፦ መስኮቶቼ ሁሉ ክፍት። መጋረጃዬ ተጠቅልሎ ተቋጥሯል። ጠረጴዛዬ ላይ ሁልበት፣ የአብሽ ወጥ፣ በሳህን፣ ላዩ በሌላ ሳህን ተከድኖ፣ ጎኑ ዳቦ። የመሀሉ በር ክፍት፣ ከጓሮ እስከ መንገድ ድረስ አንድ ንፋስ እየሄደ። የተማሪዎች ፈተና ወረቀት መሬት ላይ ተበትኗል።

ማንም አልነበረም። ግን ሰው ነበር።

ወረቀቶቹን ለቅሜ ቆጠርኳቸው፣ እንደገና ቆጠርኳቸው። ለሁልበት እንዲህ የሚደነግጥ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሄጄ ነገርኳት። በትህትና፣ ተለማምጄው። ከመግባትዎ በፊት ቢያንኳኩ አልኳት። ከልቧ አሰበችበት። ክፍት በር እንዴት ይንኳኳል አለችኝ። ከቀትር ጀምሮ በሁለቱም ወገን ይከፈታል፣ ንፋሱ የሚገባው በኔ መስኮት ነው፣ የሚወጣው በሷ ጓሮ፤ በፊት እኔ ቤት የኖሩት ሁሉ እንዲሁ ነው የኖሩት። የሷ ክፍሎች በሦስት ወገን የሰው ግንብ ነው የከበባቸው፤ በኔ በኩል ካልመጣ ከየት ይመጣል? እንደ ሕግ አይደለም የነገረችኝ። ፀሐይ በየት እንደምትወጣ እንደመንገር ነው።

ደብተሬ፣ ወስኛለሁ። ከኔ በኩል መሸጎሪያ እገጥማለሁ። ነገ ከፊራ ገበያ።

ሁልበቱን በላሁት። ጣፋጭ ነው። ይሄም ያናድዳል።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ። ጠዋት 12፡15፣ ከዚያም ከቀኑ 9

መሸጎሪያው ተገዝቷል፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ ነው። ችግሩ በሩ ራሱ አይገጥምም። መቃኑ ጠሟል፤ በሩ ደፉ ላይ ሳይደርስ ይቆማል፤ ከሥሩ ደግሞ አራት ጣት የሚያህል ክፍተት፣ በመጋዝ የተቆረጠ፣ ሆን ተብሎ ይመስል አግድም። የሚሸጎር በር መጀመሪያ መዘጋት አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ መዝጋት።

ከሥሩ ጣውላ መታሁበት። ስድስት ሚስማር፤ ሁለቱ ታጠፉ፣ አንዱ አውራ ጣቴን አገኘ። ዳርና ዳሩን ስፖንጅ ለጠፍኩ። ከዚያ በትከሻዬ ገፋሁት። ተፋቀ፣ ጮኸ፣ ገባ። ቀጥ አለ።

ተዘጋ!

9 ሰዓት። ዝምታ። መጀመሪያ አጣጣምኩት፤ እውነቴን ነው። በክፍሉ መሀል ቆሜ ቀሚሴን አወለቅሁ፣ ማንም ሊገባ እንደማይችል ለማየት ብቻ። ማንም አልገባም።

ከዚያ አየሩ ቆመ። መጋረጃው ግድግዳ ላይ የተሳለ ይመስላል። መደርደሪያ ላይ ሊሆን የነበረው ሻማ መሬት ላይ ተኝቶ ጎብጧል። ክንዴ ከዚህ ገጽ ጋር እየተጣበቀ ነው፤ ቀለሙ ከፈሰሰ ላቡ ነው።

ከወዲያ ድምፅ የለም። ሳል የለም፣ ሬዲዮ የለም። ጆሮዬን እንጨቱ ላይ ለጠፍኩ። ለምን? ሰው እንዳይሰማኝ ዘግቼ ሰው ለመስማት ጆሮዬን ለጠፍኩ።

ሰኔ 26፣ ሐሙስ። ከቀኑ 11 ሰዓት

ደጄ ተንኳኳ። በዚህ ቤት ውስጥ ያንኳኳ የመጀመሪያ ሰው። ነኢማ ትባላለች፤ የአ.ዘ. አንድያ ልጅ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው የምትኖረው። ያመጣት ባጃጅ ከኒሙ ጥላ ሥር ይጠብቃታል። ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ይዛልኝ መጥታለች፤ ይሄ አስፈራኝ።

ልትጣላ አልመጣችም። ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ነገሩ ይሄ ነው፤ እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ። ዓምና እናቷ ማድ ቤቱ አጠገብ ወድቃ ዳሌዋ ተጎዳ። የሰማት ከኔ በፊት እዚህ ቤት የነበረው ሰው ነው፣ በመሀሉ በር። ነኢማ ያን ጊዜ ልትወስዳት ነበር፤ እናትዬው እምቢ አለች። በዚህ ቤት ሙሽራ ሆና የገባች ናት፤ ሳቢያን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምን እሠራለሁ፣ ሰው ለሻሂ የሚመጣው በቀጠሮ ነው አለች። ተስማሙ፤ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ትቆያለች።

«አንቺን አልወቅስም፣ እህቴ። ቤትሽ ነው። እኔ ግን እናቴን ከተዘጋ ግንብ ጀርባ አልተዋትም።»

በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ትመለሳለች። በሩ ያኔም ከተዘጋ ትወስዳታለች። እናትዬው ታውቃለች ወይ አልኳት። ታውቃለች። አንቺን እንዳልለምንሽ አስምላኛለች አለች። ይኸው አልለመንኩሽም አለችና ሳቀች፣ ዓይኖቿ ግን አልሳቁም።

የተዘጋ በር፤ አንዲት አሮጊት ከቤቷ ትወጣለች። የተከፈተ በር፤ እኔ የራሴ ቤት የለኝም። በመሀል ቦታ አለ ወይ? ማንም አላስተማረኝም። የስልኩ ሰውዬም አያውቅም።

ሙሸበኩ አላለቀም።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ። ጠዋት 12፡30

ልከፍተው ሞከርኩ። አይከፈትም። የመታሁት ጣውላ ወለሉ ውስጥ ነክሷል። ጎትቼ፣ ረግጬ፣ በመሮ ፈልፍዬ፣ ምንም። የኔ የእጅ ሥራ ሁሉ ሲፈልግ ይረግፋል፣ ሲፈልግ ለዘላለም ይኖራል።

ከወዲያ ሆና ሰማችኝ። ድምፅዋን ከሰማሁ አራት ቀን ሆኖኝ ነበር። በእንጨቱ ውስጥ አልፋ መጣች፤ ማጠፊያው ባንቺ በኩል አይደል? መሀሉ ላይ ያለውን ሚስማር ከታች ወደ ላይ ምቺው፣ በሩ ራሱ ይመጣልሻል። ቀስ በይ፣ ከባድ ነው፣ ሙሳን አንዴ እግሩን ረግጦታል።

መታሁ። የታችኛው ወጣ። የላይኛው ዝገት ነው፤ ዘይት፣ ትዕግሥት፣ ስድብ (የኔ)፣ ቢስሚላህ (የሷ)። ወጣ። በሩ ደረቴ ላይ ዘንበል አለ፣ እንደ ሰከረ ሰው። እየተንገዳገድኩ ወስጄ መስኮቱ ሥር ግድግዳው ላይ አስደገፍኩት፤ ከወዲያ የነበረው ፊቱ ወደኔ ዞረ።

መሸጎሪያው።

ቀለም ተቀብቷል። በሩ በተቀባ ቁጥር አብሮ ተቀብቷል፤ ጫፉ ላይ ተሸርፎ ሲታይ ከክሬሙ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር አረንጓዴ፣ ከአረንጓዴው ሥር ደግሞ ሌላ ክሬም። ብረቱና የሚንሸራተትበት ቤቱ በቀለም ተጣብቀው አንድ ሆነዋል። በካቻቪቴ ነቀነቅሁት። አይነቃነቅም። የተጣበቀው ወደ ኋላ እንደተሳበ ነው፤ ክፍት እንደሆነ። ከዚያ ሁሉ ቀለም በፊት ጀምሮ ማንም፣ አንድ ቀን እንኳ፣ ሸጉሮት አያውቅም።

አሥራ አንድ ቀን ሙሉ የፈራሁት ብረት።

ዞር ስል አ.ዘ. በባዶው መቃን ወዲያ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ወደኔ ታያለች፤ ወይም ወዳለሁበት። በመሀላችን ምንም የለም። ያን ጊዜ ንፋሱ መጣ፤ ነጠላዋን አነሳው።

ጠየቅኋት። ቤቱ ለሁለት ሲከፈል ከባቡር መሥሪያ ቤቱ ትዕዛዝ መጣ፤ በሩ መሸጎሪያ ይደረግበት። ሙሳ ታዛዥ ሰው ነው፣ አደረገ። በማግስቱ ያኔ በኔ ቤት ይኖር ከነበረው ጎረቤት ጋር ሆነው የበሩን እግር በመጋዝ ቆረጡት። ትዕዛዙም ተፈጸመ፣ ንፋሱም አለፈ አለች። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች፤ ትላንት የሆነ ይመስል።

ያን ክፍተት ነው በስድስት ሚስማር የደፈንኩት።

ሰኔ 30፣ ሰኞ። ጠዋት 12 ሰዓት

ጣውላውን ነቀልኩ። አሁን መቃኑ። በሩ ለምን እንደማይገጥም ማወቅ አለብኝ፤ ለመሸጎር ሳይሆን… ለምን እንደሆነ አላውቅም። በሩን በትክክል መስቀል እፈልጋለሁ። ክፍትም ቢሆን በትክክል ክፍት ይሁን።

ትንሿ የውሃ ልክ ለዚህ አትበቃም። አ.ዘ. ከአልጋዋ ሥር የሙሳን ሳጥን አወጣች፤ ከውስጡ ረጅም፣ ብርሃን የሚያሳልፍ የጎማ ቱቦ። በውሃ ይሞላል፤ አንዱ ሰው አንዱን ጫፍ፣ ሌላው ሌላውን ይይዛል። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል፣ ቤቱ ቢጣመም እንኳ። ብቻውን የሚሠራ ሰው ሊሠራበት አይችልም። ይሄን የፈለሰፈው ሰው ጎረቤት የነበረው መሆን አለበት።

እሷ ከወዲያ፣ እኔ ከወዲህ፣ ጎማው በመቃኑ ውስጥ አልፎ። ውሃው የት እንደቆመ አይታያትም። «ጫፉን እኔ እይዛለሁ፣ ዓይኑን አንቺ አምጪ» አለችኝ። ስለዚህ የኔን ጫፍ በሚስማር አስሬ እየሮጥኩ ዞሬ የሷን አያለሁ፣ እየሮጥኩ ተመልሼ የኔን። ችግሩ አ.ዘ. ያለ እጇ ማውራት አትችልም። ወሬ ስትጀምር እጇ ይነሳል፣ ጎማው ይነሳል፣ ውሃው እኔ ላይ ይፈሳል። ሦስት ጊዜ ሞላን። ስለ ሙሳ ጀመረች፤ ፈሰሰ። ስለ ነኢማ ልጅነት፤ ፈሰሰ። በመጨረሻ ዝም በይ አልኳት። አንቺ አልኳት፤ ሳላስበው።

«አልሃምዱሊላህ» አለች፣ «አሁን ቤት ገባሽ።»

ውጤት፦ መቃኑ በኔ በኩል ሁለት ጣት ሰምጧል። የሷ ልክ ነው። የጠመመው የኔ ወገን ነው።

ቅዳሜ አምስት ቀን ቀረው። መቃኑ ገና ነው።

ሐምሌ 1፣ ማክሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት

መቃኑን በሽብልቅ አነሳሁት። ሥሩን በኖራና በሲሚንቶ ሞላሁ፤ በንጋት፣ ግድግዳውን ውሃ አጠጥቼ፣ እርጥብ ጆንያ አልብሼ። ይዟል። ጫፉን በጥፍሬ ፈተንኩት፣ አልተፈረፈረም። ማንም አላየኝም፤ ግን ለሆነ ሰው መናገር ፈለግሁ። ላንተ ነገርኩህ።

ይሄን ደግሞ ላንተ ብቻ። በሩ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ሳለ አንድ ሐሳብ መጣብኝ። ብገለብጠው፣ የወዲያው ፊት ወዲህ ይሆናል። ቀለሙን ብፍቅ፣ ብረቱን ዘይት ባጠጣ፣ ያ እንደ አውራ ጣት የወፈረ መሸጎሪያ የኔ ይሆናል። ማንም ምንም አይልም። እሷ አታይም።

በእጇ ግን ታያለች።

ያም ሆኖ ሞከርኩት፣ ደብተሬ። አንስቼ ገለበጥኩት። ማጠፊያው በተሳሳተው ወገን ሆነ፤ እንጨቱ የተቦረቦረበት ቦታ ብረቱን አልቀበል አለ። መልሼ ገለበጥኩት። ወገቤ አሁን ድረስ ይነግረኛል። እንጨት ከሰው ይልቅ ቂም ይይዛል።

ሐምሌ 3፣ ሐሙስ። ጠዋት 1፡30

ተሰቀለ። ወደ ራሱ ፊት። ዳሩን በመላጊያ ላግሁት፤ ቅርፊቱ ተጠቅልሎ ሲወድቅ በክፍሉ ውስጥ የአሮጌ እንጨት ሽታ፣ በቀለሙ ሥር ለስንት ዘመን የተቀበረ። በአንድ ጣት ይሄዳል። ድምፅ የለውም። እግሩ ላይ ያ አራት ጣት ክፍተት እንዳለ ነው።

እጀታ ገጠምኩ፤ ሁለት፣ አንድ ለኔ አንድ ለሷ። የሷን ዳሰሰችው። ዝቅ አድርገሽ ገጠምሽው አለች። ለቁመትሽ ነው አልኩ። እጀታውን በነጠላዋ ጫፍ ወለወለችው።

ቀረ መሸጎሪያው። የኔ፣ አዲሱ፣ ከፊራ የተገዛው። ከጋዜጣው አወጣሁት። በሩ ላይ ያዝኩት፣ በእርሳስ ምልክት አደረግሁ። መሰርሰሪያውን አነሳሁ። አንድ ቀዳዳ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። ፍርሃት አይደለም። ደግነትም አይደለም፤ ደግ አይደለሁም። ያቺ አከራዬ ቤቱ ውስጥ ስትቆም ምን እንደመለስኩላት ትዝ አለኝ። ሻሂ አንቺ ጋ ልጠጣ ወይ ብላኝ ነበር፣ ቧንቧውን አይታ ከጨረሰች በኋላ። እኔ ፎጣዬን ይዤ ውጪልኝ አልኳት። ወጣች። ከዚያ ወዲያ እስክለቅ ድረስ ዓይኔን አላየችም። ትክክል ነበርኩ። እስከ ዛሬም ትክክል ነኝ። ግን ይቺ ያቺ አይደለችም።

ሁለቱን ቀዳዳዎች በሰጋቱራና በኮላ ደፈንኩ። መሸጎሪያውን ከታጠፉት ሚስማሮች ጋር የቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ከተትኩት።

ሐምሌ 5፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 9 ሰዓት

ባጃጁ መጥቷል። ኒሙ ሥር ቆሟል፣ ሞተሩ ጠፍቷል። ነኢማ በፊቴ በር ገባች፤ ትልቅ ባዶ ሻንጣ ይዛለች። የመሀሉ በር ክፍት ነው፣ እንዲታያት ሆን ብዬ ጥግ ድረስ ከፍቼዋለሁ። አ.ዘ. ከወዲያ አልጋዋ ላይ፤ አልጋው ላይ ምንም የተጠቀለለ ልብስ አላየሁም።

ማለት ያለብኝን አልኩ። በሩ አይዘጋም። ጠዋት ከመውጣቴ በፊት አያታለሁ፣ ማታ አያታለሁ፣ ሌሊት ብትጠራኝ እሰማታለሁ። መሸጎሪያ የለም፤ የነበረው በቀለም ተይዟል፤ የገዛሁት ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ብዙ አወራሁ መሰለኝ።

ነኢማ በሩን ገፋ አደረገችው፣ በአንድ ጣቷ። ሄደ፣ ተመለሰ። ማጠፊያውን ጎንበስ ብላ አየችው። ከዚያ ጠየቀች፤ መስከረም ትምህርት ሲከፈትስ? ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ ስትሆኚስ? አንቺ ደግሞ አንድ ቀን ብታገቢስ፣ ብትሸጪውስ?

ውሃ ልኩን በጎማ ሲለኩት ሁለት ሰው ይበቃ ነበር። ይሄን የሚለካ ጎማ ስንት ሰው ይይዘዋል?

ይሄን የምጽፈው ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው፤ እናትና ልጅ ከኔ ሦስት እርምጃ ላይ ናቸው። ነኢማ ሻንጣውን አስቀምጣለች። አ.ዘ. ተነሳች። በግድግዳው እየተመራች መጣች፣ በመቃኑ በኩል ወጣች፣ እኔን አለፈችኝ፣ የልጇን እጅጌ አገኘች። ነይ አለቻት፣ በኦሮምኛ። ይቺን ቃል አውቃለሁ። የቀረውን አላውቅም። ሻንጣው ከነሱ ጋር ነው ወይስ እዚህ ቀረ? ነኢማ በሌላ እጇ ይዛዋለች፤ ሊሞላ ይሁን ባዶውን ሊመለስ አላውቅም። ሁለቱ በመቃኑ ወደ ጓሮው ቤት አለፉ። አ.ዘ. ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ ዝቅ ያለውን እጀታ በመጀመሪያ ሙከራዋ አገኘችው።

አልተፋቀም። አልጮኸም።

በሩ ተዘጋ።